ፀጉር፣ ነጠላ ወይስ የልብ ምት፦ ሐዘንን በኢንስታሌሽን ለመግለጽ የቱን ልምረጥ?

አያቴ ያረፈች ሰሞን ልብሷ ለነዳያን ተሰጠ። ወጉ ነው፣ አልተቃወምኩም። አንድ ነጠላ ብቻ ደብቄ አስቀረሁ። ጫፉ ላይ ሳንቲም ቋጥራበታለች፤ ለሙዳየ ምጽዋት የምትይዛት ናት። ቋጠሮው እስከ ዛሬ አልተፈታም።

በኋላ በዚህ ነጠላ ዙሪያ አንድ ክፍል የሚሞላ ሥራ ለመሥራት ተነሳሁ። ጣጣው ያኔ ጀመረ። ነጠላውን ልስቀል? ሚዶዋ ላይ የቀረውን ሽበት ላሳይ? ወይስ ስልኬ ውስጥ ያለው ድምጿ ይበቃል? ጓደኞቼን ባማክር ሁሉም የየራሱን ነገረኝ። አንዱ ጄሶ አለኝ፣ ሌላው የራስህን ደም አለኝ። ይሄ ጽሑፍ ያኔ ባገኘሁት ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ነው። ለሠዓሊና ለሥነ ጥበብ ተማሪ ብቻ ሳይሆን፣ ሙት ዓመት ሲደርስ ከድንኳንና ከትልቅ ፎቶ ያለፈ ነገር ማድረግ ለሚፈልግ ቤተሰብም ይሆናል።

ቃሉ ለከበዳችሁ፣ ኢንስታሌሽን ማለት ተመልካቹ የሚገባበት፣ በመሃሉ የሚመላለስበት ሥራ ነው። ስሙ የውጭ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በድሮው ልቅሶ የሟቹ ፈረስ፣ ጠመንጃና ልብስ አደባባይ ወጥቶ ይለቀስበት ነበር። ሐዘንተኛዋ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ ሐዘኗን በገዛ አካሏ ታሳይ ነበር።

## መጀመሪያ መለኪያው

ዕቃውን ከመምረጣችሁ በፊት አምስት ጥያቄ መልሱ። የመጀመሪያው ከሌሎቹ አራት ይበልጣል።

ፈቃድ። ይሄ ነገር የማን ነው? ሰውየው በሕይወት እያለ "አሳዩት" ብሏል? ካላለ፣ እሱን ወክሎ እሺ ወይም እምቢ የሚል ማን ነው? ዋሽንግተን ያለው የሆሎኮስት፣ ማለትም ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙት እልቂት፣ መታሰቢያ ሙዚየም ሲዘጋጅ፣ በአውሽቪትዝ የናዚ ካምፕ ከተጨፈጨፉ ሴቶች የተሸለተው ፀጉር ይታይ ወይስ አይታይ የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ከእልቂቱ የተረፉ ሰዎች ከመካከሉ የእናቶቻቸው ፀጉር ሊኖር እንደሚችል ተናግረው ተቃወሙ። ሙዚየሙም ፀጉሩን ትቶ ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ አደረገ። ፖላንድ ያለው የአውሽቪትዝ ሙዚየም ግን ፀጉሩን ራሱን እስከ ዛሬ ያሳያል። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ሙዚየሞች የሰጡት መልስ ይሄን ያህል ይራራቃል። የእናንተም ቤተሰብ እንዲሁ ሊለያይ ይችላል፤ ስለዚህ ከእህት ከወንድም ጋር ቁጭ ብላችሁ ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

ዕድሜ። ሥራው ለሳምንት ነው ወይስ ለልጅ ልጅ? አንዳንዱ ነገር መበስበሱ ራሱ መልእክት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቢጠፋ ሁለተኛ ሐዘን ነው።

የቀሩት ሦስቱ አጭር ናቸው። ደኅንነት፦ በሽታ ያስተላልፋል ወይ፣ ያቃጥላል ወይ። ወጪና ልፋት፦ ከሥራው ቀን ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለውን ጥበቃ አስሉ። ተመልካቹ፦ ሲገባ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚነካ፣ ምን እንደሚተነፍስ አስቀድሞ ያውቃል?

## ፀጉር

ፀጉር በቀላሉ አይበሰብስም። ሰው ካለፈ ከመቶ ዓመት በኋላም ቀለሙንና ጥቅሉን ይዞ ይገኛል። ምንም ወጪ የለውም፣ በሽታ አያስፈራም፣ ንጹሕ ነው። በዚያ ላይ ዕድሜን እንደ ፀጉር የሚናገር ነገር የለም፤ ከአንድ ሰው ራስ ላይ ጥቁሩም ሽበቱም ይገኛል።

ሠዓሊዎቹ በተለያየ መንገድ ተጠቅመውበታል። ቻይናዊው ዌንዳ ጉ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገር ካሉ ፀጉር ቤቶች የተቆረጠ ፀጉር እየሰበሰበ እንደ መጋረጃ የሚንጠለጠል ግድግዳ ሠርቷል። የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ፀጉር ማለት ነው። ሞና ሃቱም ደግሞ የራሷን ፀጉር አጠራቅማ በትንንሽ ኳስ ጠቅልላ ወለል ላይ በተነችው፣ ዘለላዎቹንም አንድ በአንድ ከጣሪያ አንጠለጠለች። ገብቶ የሚያይ ሰው መጀመሪያ አይታየውም፤ ፊቱን ሲነካው ነው የሚነቃው።

እኔን የያዘኝ ግን የኮሎምቢያዋ ዶሪስ ሳልሴዶ ሥራ ነው። አሮጌ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ቀዳዳዎች በስታ፣ በዚያ ውስጥ የሰው ፀጉርና ሐር አሳልፋ ሰፋችው። ከሩቅ የተጎዳ ጠረጴዛ ይመስላል። ቀረብ ስትሉ ቆዳ ይሆንባችኋል። በአገሯ በነበረው ግድያ ወላጆቻቸውን ካጡ ልጆች ታሪክ የተነሳ ሥራ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው? ፈቃድ። በእኛ ባህል ፀጉርና ጥፍር እንደ ቆሻሻ አይታይም። ሰው እጅ እንዳይገባ ይቀበራል፣ ይደበቃል። አያቴ ስታበጥር ሚዶዋ ላይ የቀረውን ጠቅልላ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈው ነበር፣ እንዳይረገጥ። ፀጉር ምን ያህል ሰውየውን ራሱን እንደሚሆን ደግሞ በአፄ ቴዎድሮስ አይተነዋል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተወሰደው የንጉሡ ፀጉር ለንደን ውስጥ በብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲቀመጥ ኖሮ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በአገራቸው እንዲያርፍ ነው ሰው ሁሉ የተመኘው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይሄ ነው። ሰውየው በሕይወት እያለ አውቆ የሰጣችሁ ፀጉር ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ነገር አታገኙም። ከሞተ በኋላ ከትራስ ላይ የለቀማችሁት ከሆነ ግን ሁለቴ አስቡ። እንግሊዝ አገር ላላችሁ ደግሞ ሕጉም ይለያል፦ በሕይወት ካለ ሰው የተቆረጠ ፀጉርና ጥፍር በሰው አካል ሕጉ ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ከሞተ ሰው የተወሰደን አካል ለሕዝብ ማሳየት ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከጋለሪው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አያያዙ ቀላል ነው። በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ጠላቱ ብል ነው። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት፤ ስታወጡት ደግሞ ሳትከፍቱ አንድ ቀን አቆዩት፣ አለበለዚያ ያልበዋል።

## የተለበሰ ልብስና ጫማ

ልብስ ሥጋ አይደለም። ግን ሥጋው የተወው ነገር ሁሉ አለበት፤ የብብት ላብ፣ የክርን መሳሳት፣ የአንገት ቅባት፣ በአንድ በኩል የተበላ ተረከዝ። ለዚህ ነው ለብዙ ሰው ከሁሉ የሚመረጠው። የሰውየውን አካል ሳታሳዩ ሰውየውን ታሳያላችሁ።

ክርስቲያን ቦልታንስኪ በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በሚገኘው ግራንድ ፓሌ የተለበሱ ልብሶችን በመደዳ ወለሉ ላይ አንጥፎ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ተራራ የሚያህል ክምር አደረገ። ከላዩ የክሬን መንጠቆ እየወረደ ጥቂት ያነሳል፣ መልሶ ይጥላል። ማሞቂያው ሆን ተብሎ ጠፍቶ ነበር። ሰው ካፖርቱን እንደለበሰ እየተንቀጠቀጠ ሌሎች ያወለቁትን ልብስ ያያል። የስቃዩን መጠን ለማሳየት ብዛት ያስፈልግ ነበር፣ ብዛትን ተጠቀመ።

ሳልሴዶ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገች። ከቤተሰቦቻቸው ደጅ ተወስደው የጠፉ ሰዎችን፣ ይበልጡንም የሴቶችን ጫማ ግድግዳ ውስጥ በተፈለፈለ ትንሽ መስኮት አስቀመጠች። መስኮቱን በስስ የከብት ፊኛ ሸፍና በሐኪም ክር ዙሪያውን ሰፋችው። ጫማው በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ይታያል፣ በደንብ ግን አይለይም። ልጁ ወጥቶ የቀረበት ወላጅ ማስታወሱ እንዲህ ነው። ይመጣል፣ አይጠራም፣ አይጠፋም።

እኛም አገር ይሄን ማየት የሚፈልግ መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይሂድ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው። ከጅምላ መቃብር የወጡ አፅሞችና ልብሶች በመስታወት ሳጥን ውስጥ አሉ፣ ግድግዳው በወጣቶች ፎቶ ተሞልቷል። ሙዚየሙ እንደ ኢንስታሌሽን አልተሠራም፣ ለምስክርነት ነው። ግን አንድ አፈር የበላው ልብስ ፊት ስትቆሙ ከየትኛውም ጽሑፍ ይልቅ እሱ ይናገራል። ሥራ ለመጀመር ላሰበ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚያ እንዲያሳልፍ እመክራለሁ።

አሁን ወደ አያያዙ። እዚህ ላይ ከእኔ ጥፋት ተማሩ። ነጠላውን ያመጣሁ ቀን ፌስታል ውስጥ አስገብቼ ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት። ክረምቱ አልፎ ስከፍተው በአንድ ጥግ ሻጋታ ጀምሮታል። ከሁሉ በላይ ያመመኝ ግን ሽታው ነው። የአሪቲና የጭስ ሽታዋ ሄዶ የእርጥበት ሽታ ሆኗል። ፌስታል እርጥበት ያፍናል። ልብስ በነጭ ጥጥ ጨርቅ ይጠቀለል፣ ወይም አሲድ የሌለው ወረቀት ካገኛችሁ በሱ። ነጠላና ጋቢ ባይታጠፍ ይሻላል፣ የታጠፈበት ቦታ ይሰነጠቃል፤ በወፍራም ካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልሉት። ምስማር ላይ አትስቀሉ። የላብ ቢጫውን አትጠቡ፣ የመጣችሁበት ጉዳይ እሱ ነው። ብርሃን ደግሞ ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ሙዚየሞች ለጨርቅ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ያደርጋሉ፣ ይሄም ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። ለሐዘን ሥራ ድብዝዙ ራሱ ይስማማል።

ሽታን ማቆየት ለሚፈልግ፦ ክዳኑ የሚገጥም የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ቁራጭ ለብቻ አስቀምጡ። በተከፈተ ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ ወይ ለተመልካች ይከፈታል፣ ወይ ለእናንተ ይቀመጣል።

## ደም

ብዙ ወጣት ሠዓሊ መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ነው። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ ለአብዛኛው ሰው አይሆንም።

በጣም የታወቀው የእንግሊዛዊው ማርክ ክዊን ሥራ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአምስት ወር ውስጥ ከራሱ 4.5 ሊትር ያህል ደም አስቀድቶ፣ የራሱን ጭንቅላት ቅርጽ በዚያ ደም ሠርቶ አቀዘቀዘው። በየአምስት ዓመቱ አዲስ ይሠራል። ጎን ለጎን ሲታዩ ሰውየው ሲያረጅ ይታያል። ስለ እርጅና ከተሠሩ ሥራዎች ይሄን የሚያህል ጥቂት ነው። ግን ማቀዝቀዣው ከጠፋ ፊቱ ይቀልጣል። እሱ የፈለገውም ይሄንኑ ነው፣ ሕይወታችን በአንድ ሶኬት ላይ እንደተንጠለጠለ ለማሳየት። አዲስ አበባ ላይ መብራት እየጠፋ ይሄን ለመሥራት ጄኔሬተርና የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።

የሜክሲኮዋ ቴሬሳ ማርጎዬስ ደግሞ በአስከሬን ክፍል የሠራች ናት። በአንዱ ሥራዋ ክፍሉ ውስጥ የሳሙና አረፋ ከላይ ይወርዳል፣ ሰው ይስቃል፣ ልጅ ይሮጣል። ከዚያ ጽሑፉን ያነባሉ። አረፋው የተሠራበት ውኃ አስከሬን የታጠበበት ነው። የተገደሉትን ሰዎች ማንም ሊረሳቸው እንዳይችል አድርጋለች፣ አከብራታለሁ። ግን ተመልካቹ ሳያውቅ ነው የተነካው። ይሄንን መድገም የሚፈልግ ሰው በበሩ ላይ በትልቁ ይጻፍ እላለሁ።

የጤናው ነገርም አለ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። የሌላ ሰው ደም በጭራሽ አትንኩ። የራሳችሁንም ቢሆን ያለ ሐኪም አትቅዱ።

## የጄሶና የሰም ቅርጽ

ይሄ በሕይወት ላሉ አረጋውያን ነው፤ ለዚህም ነው የምወደው። የእናትን እጅ በጄሶ ማውጣት ይቻላል። የጅማቱ መውጣት፣ የቀለበቱ ቦታ፣ የጥፍሩ ስንጥቅ፣ የቆዳው መጨማደድ ሁሉ ይወጣል። አብሮ የመሥራቱ ጊዜ ደግሞ ሌላ ትዝታ ነው። እጇን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ታወራላችሁ።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ። የሰው እጅ በቀጥታ ጄሶ ባልዲ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ጄሶ ሲጠነክር ይግላል፣ ወፍራም ከሆነ ክፉኛ ያቃጥላል፣ እጅንም አይለቅም። መጀመሪያ የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን አልጂኔት የሚባለውን የባሕር አረም ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ እጁን እዚያ ውስጥ አስገቡ። በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ጄሊ ይረጋል። እጁ ሲወጣ በቀረው ቀዳዳ ውስጥ ጄሶውን አፍስሱ። ቶሎ ነው ታዲያ፣ አልጂኔት ሲደርቅ ይኮማተራል።

ሰም ይበልጥ ቆዳ ይመስላል። የንብ ሰም በ60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ከፀሐይና ከአምፖል መራቅ አለበት።

## ድምፅና የልብ ምት

በጃፓኗ ቴሺማ ደሴት ላይ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቦልታንስኪ የልብ ምት ማኅደር አለ። ከብዙ አገር ሰዎች የተቀዳ የልብ ምት ተጠራቅሞበታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ አምፖል ከምቱ ጋር እየበራ እየጠፋ ድምፁ ይሰማል። የሄደ ሰው የራሱንም ማስቀዳት ይችላል። ቦልታንስኪ በ2021 እ.ኤ.አ. አረፈ፣ ልቦቹ ግን አሁንም ይመታሉ።

ይሄ ከሁሉ ርካሽ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በስደት ላይ ላለ ሰው የሚሆን ነው። ዲሲ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ተቀምጦ የእናቱን ልብስ ማምጣት ያልቻለ፣ ለቀብር እንኳ ያልደረሰ ሰው አለ። ቴሌግራሙ ውስጥ ግን የሦስት ዓመት የድምፅ መልእክት አለው። እነዚያን ዛሬውኑ አውጧቸው። በኮምፒውተር የሚሠራው ቴሌግራም የአንድን ሰው መልእክት ከነድምፁ በሙሉ ያወርዳል። ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱ ሌላ ቤት ይሁን። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል።

አታጣሩት፣ አታሳምሩት። ከጀርባ የሚጮኸው ዶሮ፣ የጀበናው መንኳኳት፣ ከመናገሯ በፊት የምትስበው ትንፋሽ፣ ሁሉም እንዳለ ይቆይ። ትንፋሹ አካል ነው።

## ልክ ብቻ

ፊሊክስ ጎንዛሌዝ ቶሬስ የሕይወት አጋሩ ሮስ በ1991 እ.ኤ.አ. በኤድስ ሲሞትበት፣ በጋለሪ ጥግ የከረሜላ ክምር አደረገ። ክብደቱ 79 ኪሎ፣ የሮስ የጤናው ጊዜ ክብደት። ሰው እያለፈ አንድ አንድ ይወስዳል። ክምሩ እንደ ታመመው ሰው ይከሳል። ከዚያ ደግሞ ይሞላል።

ከሰውነት ምንም አልተወሰደም፣ ልኩ ብቻ። ሃይማኖቱ ወይም ቤተሰቡ ሌላውን ሁሉ ለከለከለው ሰው መንገዱ ይሄ ነው። የአባታችሁን ቁመት የሚያህል ጧፍ፣ የእናታችሁን ክብደት የሚያህል ቡና ወይም ጤፍ። ለቀስተኛው እፍኝ እፍኝ ይዞ ይሄዳል።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| ምርጫ | የፈቃድ ጥያቄ | ዕድሜ | አደጋ | ወጪና ልፋት |
|---|---|---|---|---|
| ፀጉር | ከባድ | ከመቶ ዓመት በላይ | ብል ብቻ | ወጪው ትንሽ፣ የእጅ ሥራው ብዙ |
| ልብስና ጫማ | መካከለኛ | ከተጠበቀ ረጅም | ሻጋታ፣ ብል፣ ብርሃን | ትንሽ |
| ደም | በጣም ከባድ | ማቀዝቀዣው እስካለ | በሽታ | በጣም ከፍተኛ |
| ጄሶና ሰም | ቀላል፣ ሰውየው አለ | ጄሶ ረጅም፣ ሰም ሙቀት ይፈራል | ቃጠሎ | መካከለኛ |
| ድምፅና የልብ ምት | መካከለኛ | ቅጂው እስካለ | መጥፋት | በጣም ትንሽ |
| ልክ | ቀላል | የሚያልቅ፣ የሚሞላ | የለም | እንደ ዕቃው |

## ለማን የቱ?

ገንዘብ የሌለው ተማሪ ድምፅና አንድ ልብስ ይያዝ። ከዚህ በላይ አያስፈልገውም፤ ክፍሉ ጨለማ ይሁን፣ ድምጽ ማጉያው ትንሽ።

ወላጁ በሕይወት ያለ ሰው በጄሶው ይጀምር፣ እግረ መንገዱንም ፀጉሩን ይለምን። ሲጠየቁ ብዙዎቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይሰጣሉ። የሰጡትን ቃል በድምፅ ቅዱ፣ በኋላ ዘመድ ሲጠይቅ መልስ ይሆናችኋል።

ብዙ ሰው ስላለቀበት ነገር፣ ስለ ጦርነት ወይም ባሕር ላይ ስለቀሩ ስደተኞች የምትሠሩ ከሆነ ልብስና ጫማ ነው። ግን ከገበያ የገዛችሁትን ሰልባጅ የሟች ልብስ ነው ብላችሁ እንዳታቀርቡ። ቤተሰቦቹን አግኙ፣ ወይም ከየት እንደመጣ በግልጽ ጻፉ።

ቤተሰቡ ለተከፋፈለበት፣ ልክ። ስለ ራሱ እርጅና ለሚሠራ፣ የራሱ ፀጉር፤ በየዓመቱ በልደቱ ቀን አንድ ዘለላ።

እኔ በመጨረሻ ነጠላውን አግድም ዘረጋሁት፣ ቋጠሮው በሰው ዓይን ትይዩ እንዲሆን። ከጀርባው ድምጿ አለ፣ "ምሳ በላህ?" የምትልበት አራት ሰከንድ ብቻ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና። ሽበቷን አላሳየሁም። ሳትሞት አልጠየቅኳትም ነበር። ከሚዶው አውጥቼ ጠቀለልኩትና ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ፣ እሷ ከወተፈችው አጠገብ ወተፍኩት።